አሶሳ ላይ ያልሞተው ኮምፒውተር

ኮምፒውተሩ ከባሕር ማዶ ቢሮ ወጥቶ በዱባይ በኩል መርካቶ የገባ፣ ከመርካቶ ደግሞ በነቀምቴና በመንዲ መንገድ ተጭኖ አሶሳ የደረሰ ያገለገለ ዴል ዴስክቶፕ ነው። 6ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰርና 8 ጊጋባይት ራም አለው። ባለቤቱ የሆነው ወጣት ኋላ ላይ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የተባለውን የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ገዝቶ ጨመረበት። ካርዱን የመረጠው አውቆ ነው። 75 ዋት ብቻ ስለሚፈልግና አብዛኞቹ ሞዴሎቹ ኤሌክትሪካቸውን ከማዘርቦርዱ ስለሚወስዱ፣ ለቢሮ የተሠራ ዴል ፓወር ሰፕላዩ ሳይቀየር ይሸከመዋል። በአገራችን ብዙው የጌም ኮምፒውተር የሚወለደው እንዲህ ነው፤ የቢሮ ማሽን ይገዛል፣ አንድ ካርድ ይታከልበታል፣ ከዚያ ጂቲኤውም ፔሱም ይጫናል።

ጥገና ቤቱ ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተፈታቱ ላፕቶፖች፣ በጆግ የተሞላ ብሎን፣ ጥግ ላይ አንድ ስታቢላይዘር አለ። ወጣቱ ማሽኑን አስቀምጦ፣ «ወንድሜ፣ ዊንዶውስ 11 ጫንልኝ። ይሄኛው ጊዜው አለፈ እያለኝ ነው» አለ።

ጠጋኙ ገና ሳይከፍተው የፕሮሰሰሩን ስቲከር አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ለ11 አይሆንም። በግድ ልጭንልህ እችላለሁ፤ ነገ አፕዴት ሲመጣ የሚሆነውን ግን ዋስትና አልሰጥህም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሊነክስ ሞክራ።»

«ጌም ያጫውታል?»

ጥያቄው ከዐሥር ዓመት በፊት ተጠይቆ ቢሆን መልሱ አጭር ነበር፤ እምብዛም አያጫውትም። ዛሬ መልሱ ረዝሟል፤ እንዲህ ላለ ወጣትም በጣም ጠቃሚ ሆኗል።

ነገሩ የጀመረው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በማቆሙ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በሲስተሙ ውስጥ የሚገኝ የደኅንነት ቀዳዳ በነባሪው መንገድ አይደፈንም። ለግል ተጠቃሚዎች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ተፈቅዷል፤ እሱም በማይክሮሶፍት አካውንት መመዝገብን ይጠይቃል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና፣ ጥቂት የ7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ሲቀሩ፣ ቢያንስ 8ኛ ትውልድ ኢንቴል ይፈልጋል። የወጣቱ ዴል በሁለት ትውልድ ተበልጦ ውጭ ቀረ። ማሽኑ ትናንት ሲያጫውተው የነበረውን ጌም ዛሬም ያጫውታል፤ ሃርድ ዲስኩም፣ ራሙም፣ ካርዱም ጤነኛ ነው። ጊዜው አልፏል ያለው ኮምፒውተሩ ሳይሆን ኩባንያው ነው። በሀብታም አገር እንዲህ ዓይነቱን ማሽን ጥለው ሌላ ይገዛሉ። አሶሳ ላይ ግን ያ ኮምፒውተር የቤተሰብ ሀብት ነው፤ እህት ማመልከቻ ትጽፍበታለች፣ ወንድም ለፈተና ያጠናበታል፣ ማታ ጌም ይከፈትበታል።

ጠጋኙ አንድ ፍላሽ አውጥቶ ሰካ፣ ማሽኑን አስነሳና ኤፍ 12ን ተጫነ። ፍላሹ ላይ ያለው ሚንት የተባለው የሊነክስ ዓይነት ነው። ደቂቃ ሳይሞላ ሜኑ ያለው፣ ሰዓቱ በቀኝ ጥግ የተቀመጠ፣ ከዊንዶውስ ብዙም የማይርቅ ስክሪን መጣ። ሃርድ ዲስኩ ገና አልተነካም፤ ሲስተሙ ያለው ከፍላሹና ከራሙ ላይ ነው። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ጆይስቲኩ፣ ስክሪኑ ሁሉ ፎርማት ሳይደረግ በፊት እንዲህ ይፈተሻሉ። ይህ የሙከራ መንገድ ሊነክስ ለተጠራጣሪ ሰው የሚሰጠው ትልቁ አክብሮት ይመስለኛል። የማይስማማ ሆኖ ከተገኘ ፍላሹ ይነቀላል፣ ማሽኑ እንደነበረ ይነሳል።

ሊነክስ እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. ጀመረው። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም ያየዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ቀድቶ ያከፋፍለዋል። የዓለም ሰርቨሮች በአብዛኛው፣ በኪሳችን ያሉት የአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ በሙሉ በእሱ ከርነል፣ ማለትም በሲስተሙ እምብርት፣ ይሠራሉ። በጌም በኩል ግን ለብዙ ዓመታት ባይተዋር ሆኖ ኖሯል፤ ምክንያቱም ጌም ሠሪዎች የሚጽፉት ለዊንዶውስ ነው። ጌሙ ምስል ለመሣል ዳይሬክትኤክስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ሥርዓት ይጠራል፤ ሊነክስ ላይ ደግሞ ያ የለም።

ክፍተቱን የሞላው ፕሮቶን ነው። በአሶሳ ገበያ በርታኛ ብቻ የሚናገሩ እናትና አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ገዢ ሲገናኙ፣ ሁለቱንም የሚያውቅ ልጅ መሃል ቆሞ ዋጋውን ያመላልሳል፤ ፕሮቶንም በጌሙና በሊነክስ መሃል የሚሠራው ይህንኑ ነው። ጌሙ «ይህን ፋይል ክፈት» ሲል በዊንዶውስ ወግ ነው የሚጠይቀው። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራ የኖረው ዋይን የተባለው ፕሮግራም ያንን ጥያቄ ወደ ሊነክስ ይመልሰዋል። ዲኤክስቪኬ የተባለው ሌላ ክፍል ደግሞ የዳይሬክትኤክስን የሥዕል ትእዛዝ ወደ ቩልካን ይለውጣል። ቩልካን በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በዊንዶውስም በሊነክስም የሚሠራ ክፍት የግራፊክስ ሥርዓት ነው። ስቲም የተባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር ባለቤት የሆነው ቫልቭ እነዚህን አዋሕዶ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ላይ ፕሮቶን ብሎ አወጣቸው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስቲም ዴክ የተባለውን በሊነክስ የሚሠራ የእጅ ጌም ማሽን መሸጥ ጀመረ። ትልቅ ኩባንያ የራሱን ዕቃ በሊነክስ መሸጡ ነገሩን ለወጠው። ፕሮቶንን የሚያሻሽሉ ባለሙያዎች ደመወዝ አገኙ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጌሞች ጠቅ ተደርገው የሚከፈቱ ሆኑ። በስቲም የራሱ ወርሃዊ ቆጠራ የሊነክስ ተጫዋቾች ድርሻ በ2025 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ 3 በመቶን አልፏል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ከስቲም ስፋት አንጻር ግን ብዙ ሚሊዮን ሰው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የካርዱ ነገር በደንብ መነገር አለበት፤ ሰው ሊነክስ ጭኖ «ጌም አይሠራም» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሳ ነውና። ፕሮቶን ቩልካንን ይፈልጋል። የኤኤምዲ ካርድ ላለው ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ እንደ አርኤክስ 570 እና 580 ላሉት ድራይቨሩ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ስለሚመጣ የሚጫን ነገር የለም። ኤንቪዲያ ያለው ሰው የኩባንያውን ድራይቨር ለብቻው መጫን አለበት። ሚንት ላይ «ድራይቨር ማኔጀር» ተከፍቶ የሚመከረው ይመረጣል፣ ኢንተርኔት ግን ያስፈልጋል። የጂቲኤክስ 900 እና 1000 ካርዶች በ580 ተከታታይ ድራይቨር ይሠራሉ፤ ኤንቪዲያ ለእነሱ ከዚያ በላይ አዲስ ተከታታይ እንደማያወጣ አስታውቋል፤ ስለዚህ ያ ድራይቨር በፍላሽ ተቀምጦ ቢያዝ ብልህነት ነው። ካርድ የሌላቸው፣ በ3ኛና በ4ኛ ትውልድ ኢንቴል ውስጥ ባለው ግራፊክስ ብቻ የሚተማመኑ ማሽኖች ግን ለቩልካን ብቁ አይደሉም። እነሱ ላይ ሊነክስ ለጽሑፍ፣ ለፊልምና ለቆዩ ጌሞች ይሆናል፤ ዘመናዊ ጌም ግን አይጠበቅም። ይህን ሳይነግር የሚጭን ጠጋኝ ደንበኛውን ያሳዝናል።

ወጣቱ በስም የጠየቀው የመጀመሪያ ጌም ጂቲኤ ነበር። ጂቲኤ 5 በታሪክ ሁነታው ሊነክስ ላይ በደንብ ይሠራል። ኦንላይኑ ግን ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ባትልአይ የተባለ አንቲ-ቺት ስለተጨመረበትና ባለቤቶቹ ለሊነክስ ስላልፈቀዱት ዝግ ነው። አንቲ-ቺት አጭበርባሪ ተጫዋችን የሚይዝ ፕሮግራም ነው፤ አንዳንዱ እስከ ኮምፒውተሩ ከርነል ድረስ ዘልቆ ያያል፣ ሊነክስ ላይ ደግሞ ያ ዘልቆ መግባት የለም። ባትልአይም ሆነ ኢዚ አንቲ-ቺት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፕሮቶን ጋር መሥራት ይችላሉ፤ ፈቃዱ ያለው በየጌሙ ባለቤት እጅ ነው። ኤፔክስ ሌጀንድስ ለሊነክስ ተፈቅዶ ከቆየ በኋላ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተከለከለ። ፎርትናይት፣ ቫሎራንት፣ አዳዲሶቹ ኮል ኦፍ ዱቲዎች አይከፈቱም። የኢኤ አዳዲስ የእግር ኳስ ጌሞችም በኩባንያው አንቲ-ቺት የተነሳ አይሠሩም፤ በአገራችን እግር ኳስ ጌም ምን ያህል እንደሚወደድ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

በሌላው ወገን ካውንተር-ስትራይክ 2፣ ዶታ 2 እና ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 ያለ ምንም አስተርጓሚ በቀጥታ ለሊነክስ ተሠርተዋል። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስና የቆዩ የፔስ ዕትሞችን የመሳሰሉ ለብቻ የሚጫወቷቸው አሮጌ ጌሞች ደግሞ በአብዛኛው በዋይን ወይም በፕሮቶን በኩል ይነሳሉ። ማንም ሰው ፎርማት ከማስደረጉ በፊት የሚጫወታቸውን ጌሞች ስም ጽፎ አንድ በአንድ ፕሮቶንዲቢ በተባለው የተጫዋቾች መዝገብ ላይ ቢመለከት ብዙ ድካም ይድናል። ዋነኛ ጌሙ ከተዘጉት አንዱ የሆነ ሰው አይቀይር፤ ወይም አንድ ርካሽ ኤስኤስዲ ጨምሮ ሊነክስን በዚያ ላይ፣ ዊንዶውስን በነባሩ ላይ ያኑር። ይህን የምለው ሊነክስን ስለምወድ ነው፤ የማይችለውን ይችላል ተብሎ የተጫነለት ሰው ዳግም አይመለስበትም።

የክራክ ጉዳይም አለ። በአገራችን የሚጫነው ዊንዶውስ በብዛት የተከፈለበት አይደለም፤ ጌሙም ከሃርድ ዲስክ ወደ ሃርድ ዲስክ የሚገለበጥ ነው። በዓለም አቀፍ ካርድ መክፈል ለአብዛኛው ሰው የማይደረስበት ስለሆነ፣ መግዛት የሚፈልግም መንገድ ያጣል። እኔ ወጣቱን ሌባ ብዬ ልከሰው አልፈልግም። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። ዊንዶውስን «አክቲቬት» የሚያደርጉት ትንንሽ ፕሮግራሞች ቫይረስ የሚገባባቸው ዋና በር ናቸው፤ ሲጫኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንቲቫይረሱ እንዲጠፋ ነው። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በፍላሽ የሚዞረው፣ ፎልደሮችን ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስም የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው። ሊነክስ ሲጫን ቢያንስ የቤቱ መሠረት ሕጋዊ ይሆናል፤ ያልተሰረቀ፣ አክቲቬሽን የማይጠይቅ፣ ለጎረቤት ተቀድቶ ቢሰጥ ማንም የማይከስስበት።

አሁን ወደ አሶሳ ዋና ችግር እንምጣ፤ ዳታና መብራት።

የሚንት መጫኛ (አይሶ) ፋይል 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። ፕሮቶንና አጋዥ ፋይሎቹ ሲጨመሩ ተጨማሪ ከ1 ጊጋባይት በላይ ይወርዳል። ጂቲኤ 5 ብቻውን 100 ጊጋባይት አካባቢ ነው። በሞባይል ጥቅል ለሚኖር ሰው ይህ የወር ወጪ ነው። ስለዚህ ብልሃቱ አንድ ሰው አውርዶ ብዙ ሰው እንዲጠቀም ማድረግ ነው። አይሶው በፍላሽ ይዞራል፤ ሕጉም ይፈቅዳል። ስቲም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ራውተር ሥር ያሉ ኮምፒውተሮች ጌም ከኢንተርኔት ሳያወርዱ እርስ በርስ እንዲቀባበሉ አድርጓል፤ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ጌም ካላቸው አንዱ ብቻ ያወርዳል። በስቲም ሴቲንግ ውስጥ ሼደር ፕሪ-ካሺንግ የሚባለውን ማጥፋትም ሳይታወቅ የሚወርደውን ዳታ ይቀንሳል፤ ጌሙ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሊንተባተብ ይችላል፣ ኋላ ይስተካከላል። ጌሞቹ በዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ ክፍል ላይ እንዳሉ ከሊነክስ መክፈት የሚያጓጓ አቋራጭ ነው፤ ብዙ ጊዜ ስለሚያስቸግር ወደ ሊነክስ የራሱ ክፍል መገልበጡ ይሻላል።

መብራቱ ከዳታው ይብሳል። ታላቁ የህዳሴ ግድብ የቆመው አሶሳ ባለችበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ መተከል ዞን ጉባ ላይ ነው፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅሙን ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የሚመነጨው ኃይል ግን ቤት የሚደርሰው በማስተላለፊያና በማከፋፈያ መስመር ነው፤ ክረምት ላይ ነፋስና መብረቅ ሲበዛ መስመሩ ይቋረጣል። ለጌመር አስፈሪው ጨዋታ መሃል መብራት መሄዱ አይደለም፤ አፕዴት መሃል መሄዱ ነው። ሲስተሙ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሲቀር ኮምፒውተሩ አይነሳም።

ለዚህ ነው ሁለት ዓይነት ሊነክስ ማወቅ የሚያስፈልገው። ሚንት አፕዴቱን በየፓኬጁ፣ በትንሽ በትንሹ ያወርዳል፤ ለዳታ ቆጣቢ ነው፣ የ22 ዕትሙ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድጋፍ አለው። በመጫን ላይ ሳለ መብራት ከሄደ ግን ሊበላሽ ይችላል፤ ታይምሺፍት በተባለው መሣሪያ የሲስተሙን ቅጂ አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው። ባዛይት የተባለው፣ በፌዶራ ላይ የተሠራና ለጌም የተዘጋጀው ደግሞ አፕዴቱን እንደ አንድ ሙሉ ምስል ከነባሩ ጎን ያዘጋጃል። አዲሱ ተሟልቶ ካለቀ በኋላ ብቻ በሚቀጥለው መነሻ ላይ ይተካል። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ አሮጌው ሳይነካ ይነሳል፤ አዲሱ ካልተስማማም ከመነሻው ሜኑ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ዋጋው ዳታ ነው፤ አፕዴቶቹ ከሚንት ይከብዳሉ። እኔ የምመክረው ይህን ነው። ዩፒኤስ ወይም ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ያለው ሰው ሚንትን ይያዝ። ዴስክቶፑ በቀጥታ ሶኬት ላይ የሆነ፣ ዋይፋይ ግን በዩኒቨርሲቲ ወይም በሥራ ቦታ የሚያገኝ ሰው ባዛይትን ይሞክር። ሁለቱም የሌለው ሚንትን ይጫንና አፕዴቱን መብራቱ በሚታመንበት ሰዓት ብቻ ያድርግ።

በኮምፒውተራቸው አማርኛ ለሚጽፉ ቤተሰቦች የሚያሳስብ ሌላ ነገር አለ፤ ኮምፒውተሩ የጌም ብቻ አይደለምና። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ ሊነክስ ላይ አይባስ የተባለው የጽሕፈት መሣሪያ በድምፅ አጻጻፍ አማርኛን ይጽፋል፤ ኖቶ እና አቢሲኒካ የተባሉት ነፃ ፎንቶች ይጫናሉ። በቀድሞ ዩኒኮድ ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ግን ፎንቱ ራሱ ካልተጫነ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ዊንዶውሱ ሳይጠፋ በፊት የፎንት ፎልደሩን ወደ ፍላሽ መገልበጥ አይረሳ።

ኮዱ ክፍት መሆኑ ለዚህ ክልል የተለየ ትርጉም አለው። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ሲሆን፣ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች ደግሞ የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው። አንድ ትልቅ ኩባንያ ሜኑውን በበርታኛ ወይም በጉሙዝኛ ያዘጋጃል ብሎ መጠበቅ ረጅም ጥበቃ ነው። በክፍት ሶፍትዌር ግን ትርጉሙን የሚያስገባው ተናጋሪው ራሱ ነው፤ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

ልጆች ከተከፈተ ሲስተም ጋር ምን እንደሚያደርጉ በአገራችን የታየ ነገር አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጭቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ በእያንዳንዳቸው ለ20 ያህል ልጆች ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ የታብሌቶቹ ካሜራ ተዘግቶ ነበር፤ ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ አንድሮይዱን ፈትተው ካሜራውን አሠሩት። ፊደል ያልቆጠሩ ልጆች ይህን ካደረጉ፣ የአሶሳ ወጣት አንድ ድራይቨር መጫን አያቅተውም።

ገንዘብም የክፍያ ካርድም የማይጠይቁ ጌሞችም አሉ። ሱፐርታክስካርት የተባለው የመኪና ውድድር በአንድ ራውተር ከጓደኛ ጋር ይጫወቱታል፣ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ዜሮ ኤ.ዲ. የተባለው ጥንታዊ ሥልጣኔዎችን የሚያፋልም ስትራቴጂ ጌም ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ዕትሙ ላይ የኩሽ መንግሥትን ጨመረ። ኩሽ ዋና ከተማዋ መርዌ ዓባይ ዳር የነበረች፣ ከአሶሳ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ሰሜን የሚገኝ የጎረቤት ታሪክ ናት። ለዚህ አካባቢ ልጅ የራሱን ወንዝ ሥልጣኔ እየመራ መጫወት ከብዙ ውድ ጌም የሚበልጥ ስጦታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወጣቱ ሚንትን መረጠ። ጠጋኙ ፎቶዎችን፣ የእህቱን ፋይሎችና ፎንቶቹን ወደ ውጪ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ፣ ስታቢላይዘሩን አይቶ፣ «ኢንስቶል» የሚለውን ተጫነ። መጫኑ ራሱ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ ያዘገየው ድራይቨሩ ነው፣ በሞባይል ዳታ ስለወረደ። ከዚያ ስቲም ተከፈተ፣ ጌሙ ተነሳ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የአንድ ጥገና ቤት ሥራ አይደለም። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ በግቢው አንድ ሰርቨር ላይ የሚንትን፣ የባዛይትን፣ የድራይቨሮቹንና የነፃ ጌሞቹን ፋይል ቢያስቀምጥ፣ ተማሪዎቹም ቅዳሜ ቅዳሜ ፍላሽ ይዞ ለመጣ የከተማው ሰው ሁሉ በነፃ ቢቀዱ፣ በከተማው ብዙ አሮጌ ኮምፒውተር ዳግም ሥራ ይገባል። የሚጠይቀው አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር፣ አንድ ትልቅ ሃርድ ዲስክና ፈቃደኛ ተማሪዎች ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሉ መምህራንና ተማሪዎች ይህን ሥራ በዚህ ሴሚስተር እንዲጀምሩት እጠይቃለሁ፤ ኮምፒውተራችሁ «ለ11 አይሆንም» የተባለባችሁ አንባቢዎችም ከመጣላችሁ በፊት አንድ ፍላሽ ሰክታችሁ ሞክሩት።